ሰሞነኛ ያጣው ሰዓት

በክርስትና ሕይወት ማዕከሉን ሊይዝ የሚገባው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምእመን የሚሰጠው መልስ ብዙም አይለያይም። ኦርቶዶክሳዊውም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላዊውም ጸሎትንና ቅዱሳት መጻሕፍትን ያስቀድማል። ልዩነቱ የሚታየው ይህ መልስ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ሲመሳከር ነው። የአንድ አጥቢያ ቃለ ጉባኤ ቢገለጥ የሕንፃው ብድር፣ የመኪና ማቆሚያው ፈቃድ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ የበዓሉ ዝግጅትና የአመራር ምርጫው ውዝግብ ገጾቹን ሞልተው ይገኛሉ። ጸሎት ስብሰባው ሲከፈትና ሲዘጋ አንዳንድ መስመር ይደርሰዋል። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ጉዳይ ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ይተላለፋል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የሥነ ምግባር ነው፤ ሰው ቀዝቅዟል፣ ዓለም ስባዋለች፣ ገንዘብ አሳውሮታል ይባላል። ማብራሪያው ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ያው ሰው አገር ቤት ሳለ ኪዳን ሳያስደርስ ወደ ሥራ የማይሄድ፣ ወይም ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት የሚያድር ነበረ። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ እምነቱን አራግፎ አልተሳፈረም። እንዲያውም በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን እንዲቆም ገንዘቡን ያዋጣው፣ ወንበር ያነሣና ያስቀመጠው፣ የእሑድ ዕረፍቱን የሰጠው እሱ ነው። ፍቅሩ ያን ያህል ካልቀነሰ የተለወጠው ምንድን ነው? ከተለወጡት ነገሮች አንዱና እምብዛም የማይወሳው የሰዓቱ ዋጋ ነው።

የማይፋጠን ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን፣ የቴአትርና የሙዚቃ ተቋማት ለምን ዘወትር ገንዘብ እንደሚያጥራቸው የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። ነጥባቸው ቀላል ነበር። ቤትሆቨን ለአራት ተጫዋቾች የደረሰው ሙዚቃ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፤ የሚወስደው ጊዜም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይወስድ ከነበረው አይለይም። በዚያው ዘመን ውስጥ ግን አንድ ጥንድ ጫማ ለመሥራት የሚያስፈልገው የሰው ጉልበት እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ ሙዚቀኛው ምንም ሳያጠፋ፣ ሥራው ከሌላው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ዓመት በዓመት እየተወደደ ይሄዳል።

ጸሎትም ከዚህ ዓይነት ሥራ ይመደባል። መዝሙረ ዳዊትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመድገም የሚያስፈልገው ጊዜ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከነበረው አላጠረም። አፍጥኖ ማንበብ ይቻላል፤ ተጣድፎ የተነበበ ዳዊት ግን ሌላ ነገር ነው። በእግዚአብሔር ፊት በዝምታ የሚያልፍ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚያሳጥረው መሣሪያ አልተገኘም። የእጅ ስልክ መጽሐፉን ኪስ ውስጥ ከቶታል፤ ማሰላሰሉን ግን ለባለቤቱ አልሠራለትም።

በሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ነርስ ለአብነት ትታሰብ። አገር ቤት ሳለች ጎሕ ሳይቀድ የምትጸልይበትን ሰዓት የሚገዛት ሰው አልነበረም። ያን ሰዓት ለእግዚአብሔር ስትሰጥ የምታጣው እንቅልፍ ብቻ ነበር። አሁን ግን ለዚያው ሰዓት ገዢ መጥቶለታል። የሆስፒታሉ አስተባባሪ ቅዳሜ ማታ ደውላ፣ ለእሑድ ጠዋት ሰው እንደ ጎደለና ክፍያው አንድ ጊዜ ተኩል እንደ ሆነ ትነግራታለች። በሌላ በኩል የልጆቿ መዋያ ክፍያ፣ የቤቱ ብድርና ለእናቷ የምትልከው ወርኃዊ ገንዘብ ይጠብቋታል። ነርሷ እሺ ብላ ብትሄድ እምነቷን አልካደችም፤ ዋጋው ለተወደደ ነገር ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ምላሽ ሰጠች።

እ.ኤ.አ. በ1965 ጌሪ ቤከር የቤተሰብን ኑሮ ለመረዳት ጊዜ ራሱ እንደ ገንዘብ ውስን ሀብት ሆኖ መቆጠር እንዳለበት አስረዳ። ከአሥር ዓመት በኋላ ኮሪ አዚና ሮናልድ ኤረንበርግ ያንኑ አስተሳሰብ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ ጋር አያያዙት። ከዚህ የምርምር መስመር የሚወጣው ትንበያ፣ ሰዓቱ የተወደደበት ምእመን ጊዜውን በገንዘብ ይተካል የሚል ነው። ትንበያው በውጭ አገር ያሉትን አጥቢያዎች በሚያስገርም ሁኔታ ይገልጻል። አባላቱ ጊዜ የላቸውም፤ ገንዘብ ግን፣ በድካም የተገኘ ቢሆንም፣ አላቸው። ስለዚህ ማኅበሩ በገንዘብ የሚሠራውን ሁሉ በሚገባ ይሠራል። ሕንፃ ይገዛል፣ የድምፅ መሣሪያ ያስገባል፣ ሰባኪና ዘማሪ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን ያስመጣል።

ከእነዚህ አንዱም ክፉ አይደለም። ችግሩ ማዕከል የተባሉት ሁለቱ ነገሮች በገንዘብ የማይተኩ መሆናቸው ነው። ቤት ማስጠረግ፣ ምግብ ማዘዝ፣ ሒሳብ ማሠራት ይቻላል፤ መጸለይና ቃሉን ማንበብ ግን ለሌላ ሰው በክፍያ ሲሰጡ ባለቤቱን ሳይለውጡት ያልፋሉ። ስለዚህ ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳያምፅ፣ ጸሎትና መጽሐፍ ቀስ በቀስ ወደ ጠርዝ ይገፋሉ፤ በገንዘብ የሚሠራው መካከሉን ይይዛል።

ሰሞን የሚለው ቃል

የቀደመው የኢትዮጵያ ሥርዓት ሰዓት ዋጋ እንዳለው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የጸሎቱ ጊዜ ለስሜትና ለመነሣሣት አልተተወም። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት ተብሎ ቀኑ ለሰባት ተከፍሏል። ዳዊቱ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ ውዳሴ ማርያም ለየዕለቱ የራሱ ክፍል አለው። ሰኞ የሚጸልይ ሰው ዛሬ ምን ልጸልይ ብሎ አይጨነቅም፤ ሰኞ የራሱን ጸሎት ይዞ ይመጣል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ትልቅ ወጪ ይቀንሳል፤ በየቀኑ እንደ አዲስ መወሰን የሚያስከትለውን ድካም ያስቀራል።

ሥርዓቱ ለሰዓቱ ጠባቂም ነበረው። በየሳምንቱ ተራው የደረሰው ካህን ሰሞነኛ ይባላል፤ በሰሞኑ ጸሎቱ ቢታጎል ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። አገልጋዮች የሚተዳደሩበት መሬትም የሰሞን መሬት ይባል ነበር። አንድ ቃል ተራውንም፣ አገልግሎቱንም፣ አገልጋዩ የሚበላውንም አጣምሮ መያዙ እንዲያው የቋንቋ አጋጣሚ አይመስልም። ማኅበረሰቡ የጸሎትን ሰዓት ከፍሎ ያስጠብቅ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ይህ የገቢ መሠረት ፈረሰ፤ ሸክሙም በሰበካ ጉባኤ በኩል ወደ ምእመኑ መዋጮ ዞረ።

ይህን ሥርዓት እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ ግን ትክክል አይሆንም። ገበሬው እያረሰ ካህኑ የሚጸልይበት አሠራር በራሱ የሥራ ክፍፍል ነው፤ ጸሎቱም በግእዝ ስለ ሆነ ብዙው ሕዝብ ከዜማው በቀር ትርጉሙ አይደርሰውም ነበር። ጉድለቱን በከፊል የሞላው የንባብ ቤቱ ነው። ሕፃኑ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን ያነብባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ይደግሱለታል። የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ የጸሎት መጽሐፍ ስለ ነበረ ማንበብና መጸለይ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው አደጉ። ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር አንግቦ መንገድ የሚሄድ ምእመን ከሰሞነኛው ተለይቶም የራሱ ሰሞነኛ ነበር። መጽሐፉ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመመርመርም አንድምታ በአማርኛ ተዘረጋ፤ ግእዙን አንብቦ «አንድም» እያሉ ትርጉም መደርደር የሊቃውንት ሥራ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ።

የካይሮው ቀጠሮ

ይህ ንባብና ጸሎት የተሳሰሩበት ታሪክ በስደት ምድርም አንድ ትልቅ ምዕራፍ አለው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ብዙ አገር የዞረ ኢትዮጵያዊ ታምሞ ካይሮ ገባ። የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስለን ደ ሼርቪል አስታመመው፤ ሲድንም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመተርጎም ሥራ አብረው ጀመሩ። ዲፕሎማቱ በኋላ እንደ ተረከው፣ ለዐሥር ዓመት ያህል ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታ ያነብብ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ከ9,000 ገጽ በላይ ሆነ። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1820 ገዝቶት፣ ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ተቋም አልነበረም፤ ሕንፃም፣ ኮሚቴም፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያም አልነበረም። የነበሩት ሁለት ቀናት፣ አንድ የተዘጋ በርና ሁለት ሰዎች ናቸው። ከማክሰኞና ከቅዳሜ የተጠራቀመው ሰዓት ለሚሊዮኖች በቋንቋቸው የሚነበብ መጽሐፍ መሠረት ጣለ። ጊዜ የለኝም ለሚል የዛሬ ስደተኛ አቡ ሩሚ የሚያስተምረው፣ የተጠበቀ ትንሽ ሰዓት ያልተጠበቀ ብዙ ሰዓትን እንደሚበልጥ ነው።

ገንዘብ ሲጠፋ፣ ገንዘብ ሲመጣ

ጸሎትና መጽሐፍ በእርግጥ ማዕከል መሆናቸው የሚለየው ሌላው ነገር ሲነሣ ነው። ለዚህ የወላይታ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በ1928 ወደ አካባቢው ገቡ፤ በ1937 የጣሊያን አስተዳደር ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። አማኞቹ የነበራቸው በቋንቋቸው የተተረጎሙ ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎችና እርስ በርሳቸው ነበሩ። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ቁጥራቸው ዐሥር ሺህ ገደማ ደርሶ እንዳገኙ መዝግበዋል። ለዚህ ዕድገት አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም፤ በመከራ ጊዜ መረዳዳታቸው፣ ከመንደር መንደር የዞሩት ወንጌላውያን፣ የዘመኑ ሁከት ሁሉ ድርሻ አላቸው። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የሚሠራው ነገር ሁሉ በተወሰደ ጊዜ የቀረው ነገር ማኅበሩን ለማቆም በቃ። እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘግታ ንብረቷ ሲወረስም ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ ለጸሎትና ለንባብ ተሰበሰቡ፤ ደርግ ሲወድቅ በር የከፈተችው ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋችው ብዙ እጥፍ በልጣ ተገኘች።

ተቃራኒው ፈተና ገንዘብ ሲመጣ የሚታየው ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳለ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ደብዳቤው የምዕራብ አገር ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለልማት ሥራ በቀላሉ ገንዘብ ሲሰጡ፣ ለወንጌል ስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸው እንደሚያጥር አመለከተ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ የሚከፈል ፍጡር ስላልሆነ አንዱን መርዳትና ሌላውን መተው ሰውየውን ጎደሎ ያደርገዋል የሚል ነበር ክርክሩ። ደብዳቤው ልማቱን አልነቀፈም። የነቀፈው ከገንዘቡ ጋር የመጣውን የትኩረት ለውጥ ነው። አንድ ተቋም ገንዘብ የሚገኝበትን ሥራ እያሰፋ፣ የማይገኝበትን እያሳነሰ ከሄደ፣ ከጊዜ በኋላ መልኩን የሚወስንለት የራሱ እምነት ሳይሆን የገንዘብ ሰጪው ፍላጎት ይሆናል። ጉዲና በ1979 በደርግ ተገደለ፤ ያነሣው ጥያቄ ግን አላረጀም። የዛሬው የውጭ አገር አጥቢያ ለጋሹ ራሱ ምእመኑ ነው፤ ሆኖም ምእመኑም ለሚታይ ነገር መስጠት ይቀለዋል። ለጣሪያና ለምንጣፍ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ቀን ሲሞላ፣ መጻሕፍትን ለልጆች በሚገባቸው ቋንቋ ለማዘጋጀት የሚጠየቀው ትንሽ ገንዘብ ለወራት ይንጠለጠላል።

ማዕዱና ቃሉ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን እድርም ናት፣ ትምህርት ቤትም ናት፣ ሥራ ማፈላለጊያም ናት። አዲስ የመጣ ሰው ማረፊያ የሚያገኘው፣ የሞተ ሰው አስከሬኑ አገሩ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ችግረኛ በር ላይ ቆሞ ጸሎት ይቅደም ማለት ነቢያት አጥብቀው የተቃወሙት ግብዝነት አይሆንም ወይ?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ የሐዋርያት ሥራ ስድስተኛው ምዕራፍም በትክክል ይህንኑ ጉዳይ ይዳኛል። በኢየሩሳሌም ያማረሩት በግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከውጭ አገር የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻቸው ተዘንግተው ነበርና። ሐዋርያት ቅሬታውን አላጣጣሉትም። ሁሉንም ራሳቸው ለመያዝም አልሞከሩም። ማዕዱን የሚያገለግሉ በጥበብ የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው፣ እነሱ በጸሎትና በቃሉ አገልግሎት ጸኑ። ውሳኔው የአስተዳደር ነው፤ የጸሎቱ ሰዓት እንዳይበላ ሌላው ሥራ ባለቤት ተሰጠው፣ ማዕዱም እንዳይጎድል ታማኝ ሰው ተሾመበት።

ታሪኩ በዚያ አይቆምም። ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። ለማዕድ የተሾመው ይህ ሰው ከሁለት ምዕራፍ በኋላ በጋዛ መንገድ ላይ መጽሐፍ ሲተረጉም ይገኛል። የሚተረጉመውም ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባኮስ ለሚለው፣ በንግሥት ህንደኬ ግምጃ ቤት ላይ ለተሾመው ሰው ነው። ይህ ሰው የአንድ መንግሥት ገንዘብ በእጁ ነበር፤ ጊዜው የተወደደ፣ መንገዱ ረጅም፣ ከቤቱም የራቀ ነበር። በሠረገላው ላይ ግን ኢሳይያስን ድምፁን አሰምቶ ያነብብ ነበር። የሚያነብበውን ያስተውል እንደ ሆነ ሲጠየቅም መሪ እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። ማዕድ የሚያገለግለው ቃሉን ያውቃል፤ ገንዘብ የሚጠብቀው መጽሐፍ ያነብባል፤ ባለ ሥልጣኑ አስተምሩኝ ይላል። የሥራ ክፍፍል ያለባት ቤተ ክርስቲያን ጤነኛ የምትሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። ሥራው ይከፋፈላል፤ ጸሎትና ንባብ ግን ለሁሉም ይቀራል። ሒሳብ ያዡ ለሒሳብ፣ ጥበቃው ለበር፣ ካህኑ ለጸሎት ብቻ ከተባለ ማዕከሉ የአንድ ክፍል ሠራተኞች ጉዳይ ይሆናል።

ሰዓትም ገንዘብም የሌላት

ይህ ሁሉ ጊዜውን ሊሸጥም ላለመሸጥም ምርጫ ስላለው ሰው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምታገለግል ኢትዮጵያዊት ግን ምርጫው የላትም። ሰዓቷ የአሠሪዋ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ የክርስቲያን አምልኮ በአደባባይ አይፈቀድም፤ አብያተ ክርስቲያናት ባሉባቸው እንደ ኩዌትና ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ባሉ አገሮችም ዕረፍት የማታገኝ ሠራተኛ እሑድ ደርሶ ቢያልፍ አታውቀውም። እንዲህ ያለች ሴት ሕንፃ አትገዛም፣ ጉባኤ አትሄድም። ልብስ እየተኮሰች በጆሮ ማዳመጫ ዳዊት ትሰማለች፤ ሌሊት ከመተኛቷ በፊት በስልኳ አንድ ምዕራፍ ታነብባለች፤ በቃሏ የያዘችውን ጸሎት ሳህን እያጠበች ትደግማለች።

ኑሮዋን ቅዱስ አድርጎ መሣል በደሏን መሸፈን ይሆናል። ዕረፍት የሌለው ሥራ በደል ነው፤ የዕረፍት ቀን መነፈጓ የአምልኮ ቀንም መነፈጓ ነው። ነገር ግን የእሷ ልምድ አንድ ነገር ያስረዳል። የያዘችው ሁሉ በልጅነቷ በቃሏ የተያዘው፣ በጆሮዋ የቀረው ነው። አንድ አጥቢያ ለልጆቹ ያወረሰው ጸሎትና ንባብ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው ልጆቹ ከአጥቢያው ርቀው፣ ዙሪያቸው ባዶ ሲሆን ነው። በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን ብቻውን በሆስፒታል ኮሪደር ወይም በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል በጭንቅ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት የሚያስታውሰው የበዓሉን እንጀራና የእናቱን ነጠላ ብቻ ከሆነ መልካም ትዝታ አለው፤ የሚጸልየው ጸሎት ግን የለውም።

ተራን መመለስ

የሰዓት መወደድ በተግሣጽ አይረክስም። ነርሷን በስብከት መውቀስ የእሑድ ፈረቃዋን አያስቀርም፤ ምናልባት ስታፍር ጨርሶ እንዳትመጣ ያደርጋት ይሆናል። ሊሠራ የሚችለው ሰዓቱን አሳንሶ፣ ለይቶና ባለቤት ሰጥቶ መጠበቅ ነው። የሰሞነኛው አሠራር ለዚህ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። ሃምሳ ቤተሰብ ያለበት አጥቢያ በዓመት ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ሰሞን ሊሰጥ ይችላል። ሰሞነኛው ቤተሰብ በዚያ ሳምንት በየምሽቱ ለሃያ ደቂቃ በአካል ወይም በስልክ ጉባኤ የተወሰነውን ክፍል ያነብባል፣ የታመሙትንና ሥራ ያጡትን በስም እየጠራ ይጸልያል። ሌላው የቻለ ይገባል፤ ያልቻለ ጸሎቱ እንዳልታጎለ ያውቃል። ካህኑ ወይም መጋቢው ይመራል፣ ያስተምራል፤ ተራው ግን የምእመኑ ይሆናል። ሸክሙ በዓመት አንድ ሳምንት ስለ ሆነ ኦቨርታይም የሚሠራ ሰው እንኳ አስቀድሞ ሊዘጋጅበት ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ሒሳብ ማየት ነው። ፖል ሳሙኤልሰን በ1938 እ.ኤ.አ. የሰው ምርጫ ከሚናገረው ይልቅ ከሚያደርገው እንደሚታወቅ የሚያሳይ ንድፈ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለአጥቢያም ይህ መለኪያ ይሠራል። ዓመታዊ የገንዘብ ሪፖርት እንደሚቀርብ ሁሉ የጊዜ ሪፖርትም ሊቀርብ ይገባል። ስንት ሰዓት ለስብሰባ፣ ስንት ለዝግጅት፣ ስንት አብሮ ለመጸለይና ለማንበብ ዋለ? ቁጥሩ ማንንም አያሳፍርም፤ መልሱን ለሁሉም ግልጽ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ መርሐ ግብር ሲታቀድ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ከሚለው ጋር ሰዓቱ ከየት ይወሰዳል ተብሎም ይጠየቃል። አንዳንዱ በጎ ሥራ መቅረት ሊኖርበት ይችላል፤ አንዳንዱም እንደ ሰባቱ የራሱ ታማኝ ባለቤት ይፈልጋል።

ሦስተኛው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ለልጆቹ የሚገባቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛ ወይም ጀርመንኛ ከሆነ፣ ጸሎቱና ንባቡ በዚያም ቋንቋ መዘጋጀት አለበት። አማርኛውንና ግእዙን ማስተማር ከዚህ አይከለክልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የትርጉም ወጪ ከባድ የሚመስለው በመጀመሪያ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ለትውልድ ይጠቅማል። አማርኛ ራሱ ለሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የበቃው አንድ ስደተኛ በባዕድ ከተማ ተቀምጦ ከዐረብኛ ስለ ተረጎመ ነው።

ይህ ካልሆነ የሚመጣው ከወዲሁ እየታየ ነው። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ጠባቸውን ፍርድ ቤት አድርሰዋል፤ ክርክሩም ሕንፃው የማን ነው፣ የባንክ ሒሳቡን ማን ይፈርማል የሚል ነው። ሰዎች ሲለያዩ የሚካፈሉት አብረው ያፈሩትን ነው፤ አብረው ያፈሩት ንብረት ብቻ ከሆነ የሚካፈሉትም ንብረት ብቻ ይሆናል። ለዓመታት አንዱ የሌላውን ልጅ ስም እየጠራ ሲጸልይ የቆየበት ማኅበር ግን ከመለያየቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያመነታል፤ ቢጣላም የሚመለስበት ሰዓት አለው። የሰሞኑ ተራ የማን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት በር ላይ ለመለጠፍ ብድር አያስፈልግም፣ የከተማው ፈቃድም አይጠየቅበትም። በሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳው መጀመሪያ ላይ ቢቀመጥ ሌላው ጉዳይ ተራውን ጠብቆ ይደርሳል።